የሞተር ብስክሌት ሞተርን በቤት ውስጥ ፈትቶ ስለ ማደስ

ኃይሉ ደክሞ፥ ዳገት ሲወጣ እያቃሰተ፥ በማርሚታውም ሰማያዊ ጢስ እየተፋ የሚሄድ ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ «ይህስ አልቆለታል» ብሎ በወረደ ዋጋ ይሸጠዋል፥ ወይም ሳያስመረምርና ሳያስለካ አዲስ ፒስተንና አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ገዝቶ ያስገጥምና ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያው ጢስ ተመልሶ ይመጣበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ማመልከት ነው፤ ይኸውም መካኒክነት ሙያው ያልሆነ፥ ነገር ግን ልቡ ለማወቅ የሚተጋ፥ እጁም ለሥራ የማይታክት ሰው በገዛ ቤቱ፥ በጥቂት መሣሪያ፥ ሞተሩን በሥርዓት ፈትቶ፥ የተጎዳውን ከደኅናው ለይቶ፥ የሚለወጠውን ብቻ ለውጦ መልሶ ሊገጥመው መቻሉ ነው። ለሥራው ሁሉ መሠረት የሚሆነው ሕግ አንድ ነው፤ መለካት ከመግዛት ይቅደም።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር ለምሳሌ አንድ ሞተር መርጠናል፤ እርሱም የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ለሽያጭ ያቀረበው፥ ከዚያም ወዲህ ብዙ የቻይና ፋብሪካዎች አምሳያውን እየሠሩ በእስያና በአፍሪካ የበተኑት ሲ ጂ 125 ነው። ይህ ሞተር መንገዱ አቧራ፥ ባለቤቱም ዘይት መለወጥ የሚዘነጋ በሆነበት አገር እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ቫልቮቹ የሚንቀሳቀሱት በሰንሰለት ሳይሆን በማርሽና በሁለት ገፊ ዘንጎች ነው፤ ስለዚህም ለጀማሪ ይቀላል። የሲሊንደሩ ስፋት 56.5 ሚሊሜትር፥ የፒስተኑ ምልልስ 49.5 ሚሊሜትር፥ መላ ይዘቱም 124 ሴንቲሜትር ኩብ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ መቶ ጊዜ ወጥቶ መቶ ጊዜ ይወርዳል፤ በዚህ ፍጥነት በሚፋተጉ ብረቶች መካከል የሚገባ አቧራ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ፥ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ክፍተትም ስለ ምን እንደሚያስጨንቅ ከዚህ ይታወቃል። የእርስዎ ሞተር እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያለ፥ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ከላይ ሆኖ በሰንሰለት የሚዞር ቢሆንም ሥርዓቱ በአብዛኛው ያው ነው፤ ልዩነቱ ሰንሰለቱ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ በሽቦ ማሰር የሚገባ፥ ሲገጠምም ምልክቱን በጥንቃቄ ማገጣጠም የሚያስፈልግ መሆኑ ነው።

አንደኛ፤ ሳይፈቱ መመርመር

ሞተር ከመፈታቱ በፊት ደዌውን ራሱ ይናገራል፤ ስለዚህ ቁልፍ ከማንሣትዎ በፊት ጢሱን ይመልከቱ። ሰማያዊ ጢስ ዘይት መቃጠሉን፥ ጥቁር ጢስ ቤንዚን መብዛቱን ያመለክታል፤ በብርድ ማለዳ ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ነጭ እንፋሎት ግን ጉዳት አይደለም። ሰማያዊው ጢስ ቁልቁለት ወርደው ጋዙን እንደ ገና ሲሰጡ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው በቫልቭ ጎሚኒዎች ላይ ነው፤ ጋዝ በሰጡ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ግን ፋሻውና ሲሊንደሩ ይጠረጠራሉ።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትተው ይዩ። ጫፉ እርጥብና ቅባታም ከሆነ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እየገባ ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ የካርቡራቶር እንጂ የፋሻ ላይሆን ይችላል። በተለይ በደጋ አገር ይህን መለየት ግድ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው፥ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራቶርም እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። በዚህ ምክንያት የጠቆረ ካንዴላ አይቶ ደኅናውን ሞተር መፍታት ገንዘብንም ድካምንም ማባከን ነው።

ከዚህ በኋላ የግፊት መለኪያ በካንዴላው ቦታ አስገብተው፥ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍተው፥ ቀስቱ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ የማስነሻውን ፔዳል ደጋግመው ይርገጡ፤ ቍጥሩንም ይጻፉ። ከዚያም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው እንደ ገና ይለኩ። ግፊቱ በግልጽ ከጨመረ ዘይቱ ለጊዜው የደፈነው ክፍተት በፋሻውና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ነው፤ ካልጨመረ ግን ግፊቱ የሚያመልጠው በቫልቮቹ ወይም በቴስታታው (በሲሊንደሩ ራስ) ጓርኒሲዮን በኩል ነው። ሞተሩ ከታች፥ ከሆዱ፥ ከባድ ኳኳታ የሚያሰማ ከሆነም የቢዬላው (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ታችኛ ኩሽኔታ ሳይጎዳ አልቀረም፤ ኮሎውን ከፍቶ በፕሬስ መልሶ መገጣጠም የቤት ሥራ ስላልሆነ ይህን ለባለሙያ መተው ይገባል።

ሁለተኛ፤ ቦታውንና መሣሪያውን ማሰናዳት

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ስፍራ ነፋስ አቧራ የማያመጣበት፥ ብርሃን የሞላበት፥ ቢሆንም አየር የሚመላለስበት ነው፤ ቤንዚንና ላምባ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መክፈት፥ በአጠገባቸውም እሳት ማንደድ ወይም ሲጋራ ማጨስ ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው። ከመሣሪያ ወገን የመፍቻ ስብስብ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ የቫልቭ ሞላ መጭመቂያ፥ የክፍተት መለኪያ ምላጮች፥ ካሊፐር፥ የጥብቀት ልክ የሚያሳይ ቶርክ መፍቻና የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ያስፈልጋሉ። ቶርክ መፍቻ ውድ ቢሆን እንኳ ለአንድ ቀን መዋስ ይቻላል፤ ያለ እርሱ ግን የቴስታታውን ዳዶዎች ማጥበቅ አይገባም፥ የአሉሚኒየም ጥርስ በቀላሉ ይበላልና።

ደግሞም አንድ ደብተርና እርሳስ፥ ብዙ ባዶ ቆርቆሮዎች፥ የሚጻፍባቸው ቁራጭ ወረቀቶችም ይኑሩዎት። ከሞተሩ የወጣ እያንዳንዱ ቡሎን ከየት እንደ ወጣ ካልተመዘገበ፥ በሚገጠምበት ቀን ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ገብቶ የሞተሩን ቤት ይሰነጥቃል። በእጅ ስልክ በየደረጃው ፎቶግራፍ ማንሣትም ለዘመናችን ሰው የተሰጠ ትልቅ ረዳት ነው።

ሦስተኛ፤ የአፈታት ሥርዓት

መጀመሪያ ሞተሩን ከውጭ በላምባና በብሩሽ አጥበው ያድርቁት፤ በውጭ የተጋገረው ጭቃና አሸዋ ሲፈታ ወደ ውስጥ የሚወድቅ ነውና። ከዚያም ዘይቱን በዕቃ ያውርዱት፤ ያረጀ ዘይት በምድር ላይም በወንዝም አይፈስም፥ ተጠራቅሞ ለሚሰበስብ ሰው ይሰጣል። ዘይቱንም በብርሃን ፊት ይመርምሩት፤ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ብናኝ ካለበት በውስጥ የሚፋቅ ብረት እንዳለ ይወቁ።

ሞተሩ ፈጽሞ በርዶ ሳለ ማርሚታውን፥ ካርቡራቶሩንና የላይኛውን ክዳን ያንሡ። በማግኔቱ መንኮራኩር ላይ ያለውን የ«ቲ» ምልክት ከቤቱ ምልክት ጋር እስኪገጥም አዙረው፥ ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉበትን፥ ሮከሮቹም (ቫልቮቹን የሚጫኑት ክንዶች) በእጅ ሲነኩ ላላ የሚሉበትን የመጭመቂያ ጫፍ ይፈልጉ፤ በዚህ ቦታ ላይ ሞላ የሚገፋው ነገር ስለሌለ መፍታቱ ይቀላል። የቴስታታውን ዳዶዎች አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው በመሄድ ሳይሆን፥ በመስቀል ቅርጽ ከአንዱ ወደ ማዶው እየተሻገሩ፥ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ያላሉ፤ አለዚያ ቴስታታው ይጣመማል። ሁለቱን ገፊ ዘንጎች ስበው አውጥተው ከመቀላቀል ይልቅ የማስገቢያውን ለብቻ፥ የማስወጫውን ለብቻ ምልክት አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል።

ቴስታታው ከተጣበቀ በካቻቢቴ ጫፍ አይፈልቅቁት፤ የሚገጥምበት ገጽ ከተጫረ ግፊት ለዘወትር ያመልጥበታልና፥ በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ዙሪያውን በቀስታ መምታት ይበቃል። ሲሊንደሩን ወደ ላይ ሲያነሡ ፒስተኑ ወድቆ ከብረት ጋር እንዳይጋጭ በአንድ እጅ ይያዙት፤ ወዲያውም የታችኛውን ቤት አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑት። የፒስተኑን ፒን የሚቆልፈው ትንሽ የሽቦ ቀለበት በፒንሳ ሲወጣ ተስፈንጥሮ ይጠፋል፤ ጨርቅ ከሌለ የሚጠፋው በሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው፥ ያን ጊዜም አንዲት ቀለበት ለማውጣት መላ ሞተሩን መክፈት ግድ ይሆናል።

አራተኛ፤ ማጠብና መለካት

አሁን የሥራው ልብ ደረሰ። ክፍሎቹን ሁሉ በላምባ አጥበው፥ በፒስተኑ ራስና በቴስታታው ላይ የተጋገረውን ከሰል በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ቁራጭ ፍቀው ያንሡ። የፋሻውን ቦይ ለማጽዳት ከአሮጌው ፋሻ አንዱን ሰብሮ በጫፉ መፋቅ የታወቀ ብልሃት ነው፤ ቢሆንም ከሰሉን እንጂ አሉሚኒየሙን እንዳይፍቅ እጅ ይቅለል።

ከዚህ በኋላ ሲሊንደሩን ወደ ብርሃን ይዘው ውስጡን ይመልከቱ። ከላይ ወደ ታች የወረደ፥ ጥፍር የሚይዘው ጭረት አለ? በላይኛው ጠርዝ ፋሻው ከሚደርስበት በላይ በጣት ሲዳሰስ የሚታወቅ እርከን አለ? ዓይንና ጥፍር ይህን ያህል ይናገራሉ፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን ልኬት ነው። የሲሊንደር ውስጥ መለኪያ ለሌለው ሰው የሚከተለው ዘዴ ያገለግለዋል። ላይኛውን ፋሻ ብቻውን በሲሊንደሩ ውስጥ ያስገቡት፤ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ በፒስተኑ ራስ ገፍተው፥ ፋሻው ብዙም ወደማይደርስበት ወደ ታችኛው ጠርዝ አጠገብ ያውርዱት፥ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውንም ክፍተት በመለኪያ ምላጭ ለክተው ይጻፉ። ቀጥሎ ያንኑ ፋሻ ወደ ላይ አምጥተው፥ ከእርከኑ ጥቂት ዝቅ ብሎ መበላት ከሁሉ በሚበረታበት ቦታ እንደ ገና ይለኩ። የሁለቱን ልዩነት ለ3.14 ሲያካፍሉ ሲሊንደሩ በስፋት ምን ያህል እንደ ተበላ ይገለጥልዎታል። ለምሳሌ ከታች 0.25፥ ከላይ 0.56 ሚሊሜትር ቢሆን ልዩነቱ 0.31 ነው፤ ይህም ሲካፈል 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል።

ይህ 0.1 ሚሊሜትር የፍርዱ ወሰን ነው። መበላቱ ከዚህ እጅግ ያነሰ፥ ጭረትም የሌለበት ከሆነ ሲሊንደሩ ይኖራል፤ አዲስ ፋሻ ብቻ ይበቃዋል። ወደዚህ ወሰን ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን በዚህ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ መክተት ገንዘብን መጣል ነው፤ ሲሊንደሩ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ሊሰፋ፥ መጠኑ በ0.25፥ በ0.50፥ በ0.75 ወይም በ1.00 ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስተንም ሊገዛለት ይገባል። ሥርዓቱ ፒስተኑን አስቀድሞ ገዝቶ ለባለ ቶርኖው ማስረከብ ነው፤ እርሱ ሲሊንደሩን በፒስተኑ ልክ ያሰፋዋል እንጂ ፒስተን ለሲሊንደር አይፈለግም። መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ገበያ ሲወርዱ ካሊፐርዎንና የጻፉትን ልክ ይዘው ይሂዱ፤ በማሸጊያው ላይ የታተመውን ሳይሆን በእጅዎ የለኩትን ይመኑ።

አዲሱም ፋሻ ቢሆን ሳይለካ አይገባም። በሲሊንደሩ ውስጥ ለብቻው ሲቀመጥ የጫፎቹ ክፍተት ለዚህ መጠን ሞተር በአብዛኛው ከ0.15 እስከ 0.35 ሚሊሜትር ይሆናል። ከዚህ ከጠበበ ፋሻው በሙቀት ሲረዝም ጫፎቹ ተጋጭተው ሲሊንደሩን ይፍቃሉ፤ ከ0.5 ካለፈ ደግሞ ግፊት ያመልጥበታል። የቢዬላውንም ነገር አይርሱ፤ በሁለት ጣት ይዘው ቀጥ አድርገው ወደ ላይና ወደ ታች ይሳቡት፥ ይግፉትም። ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀሱ የተፈቀደ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ቅንጣት ያህል ኳ ማለት የለበትም።

አምስተኛ፤ ቴስታታውና ቫልቮቹ

ቫልቮቹን ሳይፈቱ ቴስታታውን ገልብጠው በማቃጠያው ጎድጓዳ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ያፍስሱና ለጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። በማስገቢያው ወይም በማስወጫው ቧንቧ በኩል እርጥበት ከታየ ቫልቩ በመቀመጫው ላይ አልተገጠመም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሞላውን በመጭመቂያ ጨምቀው መቆለፊያዎቹን ያንሡ፤ ቫልቩንም በቦታው ወዲያና ወዲህ ይነቅንቁት፥ በግልጽ የሚወዛወዝ ከሆነ አቃፊው ቱቦ ተበልቷልና የባለሙያ እጅ ይሻል።

ደኅና ከሆነ በቫልቭ መፍጫ ቅባት መፍጨት ይቻላል። ቅባቱ በቫልቩ ክፈፍ ላይ በጥቂቱ ይቀባል፤ በመምጠጫ ጎማ በተያዘ እንጨት ቫልቩ ግማሽ ዙር ወደ ቀኝ፥ ግማሽ ዙር ወደ ግራ ይሽከረከራል፥ በየጊዜውም ተነሥቶ ቦታ ይለዋወጣል። ዙሪያውን ያልተቋረጠ፥ አንድ ዓይነት ስፋት ያለው ደብዛዛ ግራጫ ቀለበት ሲታይ ሥራው ተፈጽሟል። የቅባቱ ደቃቅ አሸዋ በሞተር ውስጥ መርዝ ስለ ሆነ ቴስታታው ቀዳዳ ለቀዳዳ በጥንቃቄ ይታጠባል። ከዚያም አዲስ የቫልቭ ጎሚኒዎች ይገባሉ፤ የሞላውም ጠመዝማዛ በአንድ ወገን ይበልጥ የተጠጋጋ ከሆነ ያ ወገን ወደ ቴስታታው ይሆናል። በመጨረሻም የቤንዚኑ ፈተና ይደገማል።

ስድስተኛ፤ የአገጣጠም ሥርዓት

ከቶርኖ ቤት የመጣ ሲሊንደር ንጹሕ መስሎ ቢታይም በውስጡ የመፍጫ ብናኝ አለበት፤ ይህንም ላምባ አያወጣውም። በሞቀ ውኃና በሳሙና፥ በብሩሽም ደጋግመው ይጠቡት፤ ነጭ ጨርቅ ውስጡ ሲታሸት ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አያቁሙ፥ ደርቆም ሳይዝግ ወዲያው ዘይት ይቀቡት። ብዙ የታደሱ ሞተሮች ቶሎ የሚሞቱት በዚህች አንዲት ቸልተኝነት ነው።

ፒስተኑ «ኢን» የሚለው ጽሑፉ ወደ ካርቡራቶሩ ዞሮ፥ ፒኑ ዘይት ተቀብቶ፥ በአዲስ መቆለፊያ ቀለበቶች ይገጠማል፤ አሮጌዎቹ ቀለበቶች ደግመው አይገቡም። ፋሻዎቹ ምልክታቸው ወደ ላይ ሆኖ ይገባሉ፤ የጫፎቻቸውም ክፍተት በአንድ መስመር እንዳይውል እያንዳንዱ ከሌላው የክበቡን አንድ ሦስተኛ ያህል ይራቅ። አዲስ ጓርኒሲዮን ተነጥፎ፥ አቅጣጫ ያዦቹ ቱቦዎችና ዘይት ወደ ላይ በሚወጣበት ቀዳዳ ያለው የጎማ ቀለበት በየቦታቸው መሆናቸው ከታየ በኋላ፥ ፋሻዎቹን በጣት እየጨመቁ ሲሊንደሩን በቀስታ ያውርዱት። እምቢ ካለ አይጫኑት፤ ያልገባ ፋሻ አለና መልሰው ያንሡት።

ገፊ ዘንጎቹ በየቦታቸው ከገቡና ቴስታታው ከተቀመጠ በኋላ ዳዶዎቹ በመስቀል ቅርጽ፥ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ፥ መመሪያው እስካዘዘው ልክ ይጠብቃሉ። ቀጥሎ «ቲ» ምልክቱን በመጭመቂያው ጫፍ ላይ አድርገው የቫልቮቹን ክፍተት ያስተካክሉ፤ ለዋናው ሆንዳ ሞተር በብርዱ ለሁለቱም 0.08 ሚሊሜትር ነው፥ ይህም ከአንድ ጠጉር ውፍረት እምብዛም የማይበልጥ ነው። ምላጩ ሲሳብ ሳይላላም ሳይጣበቅም ጥቂት ሊይዝ ይገባል። በመጨረሻ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ የሚነካካ ወይም የሚገታው ነገር ካለ ከማስነሣት በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ።

ሰባተኛ፤ ማስነሣትና ሮዳጆ

አንድ ሊትር ያህል፥ ጃሶ ኤም ኤ የሚል ምልክት ያለበት የሞተር ብስክሌት ዘይት ይጨምሩ፤ የአንዳንድ መኪና ዘይት ማለስለሻ ስላለበት በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሪሲዮን ያንሸራትተዋል። ካንዴላውን አውጥተው ፔዳሉን ደጋግመው በመርገጥ ዘይቱ ወደ ሮከሮቹ መድረሱን ይመልከቱ፤ ከዚያም የላይኛውን ክዳን፥ ካርቡራቶሩንና ማርሚታውን መልሰው ገጥመው፥ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር የሆነ ካንዴላ አስገብተው ያስነሡ። በመጀመሪያው ቀን ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይጥፋ፥ ይብረድም፤ የሚፈስ ዘይት ካለ ይታያል። በቅባት የተነካ ብረት ሲሞቅ ጥቂት ጊዜ ይጨሳልና በዚህ አይደንግጡ።

ሮዳጆ በሚባሉት በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎሜትሮች ጋዙን እስከ መጨረሻው አይክፈቱ፤ በአንድ ፍጥነት ብቻም ረጅም መንገድ አይጓዙ፥ በከባድ ማርሽ ላይም አያስጨንቁት፤ ከፍና ዝቅ እያሉ መንዳት ፋሻውን ከሲሊንደሩ ጋር ያስማማዋል። በደጋ ተስተካክሎ የታደሰ ሞተር እንደ ድሬዳዋ ወዳለ ቆላ ከወረደ ቤንዚን ያንሰዋልና፥ ያለ ካርቡራቶር ማስተካከል ጭነት አይጫንበት። 500 ሲሞላ ዘይቱን ለውጠው የቫልቮቹን ክፍተት በብርዱ እንደ ገና ይለኩ።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም የአየር ማጣሪያው ነው። ሲሊንደሩን የበላው በአብዛኛው አቧራ ነበር፤ አቧራውም የገባው በተቀደደ ወይም ተነቅሎ በተጣለ ማጣሪያ በኩል ነው። ስለዚህ ማጣሪያውን ሳይለውጡ ሞተር ማደስ ሌባ የገባበትን መስኮት ክፍት ትቶ አዲስ ዕቃ እንደ መግዛት ይቆጠራል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ማጣሪያውን ይለውጡ፥ የለኩበትንም ደብተር ከሞተሩ መጽሐፍ ጋር አኑረው ይጠብቁ፤ ሞተሩ ዳግመኛ በሚፈታበት ቀን፥ ለእርስዎም ይሁን ከእርስዎ በኋላ ለሚገዛው ሰው፥ የዛሬው ቍጥር ምስክር ይሆናልና።